የአልጋ ደረሰኝ የሌለው ጉብኝት

የልምድ ልውውጥ ጉብኝት ሲባል አብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ የሚያውቀው አንድ ዓይነቱን ነው። መኪና ይሞላል። የተመረጠ ትምህርት ቤት ይኬዳል። ግቢው ተጠርጎ፣ ግድግዳው ላይ አዲስ ፖስተር ተለጥፎ ይጠብቃል። ልጆች ይዘምራሉ፣ ርዕሰ መምህሩ ከወረቀት ያነባል፣ ምሳ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ «ጥሩ ተሞክሮ ቀስመናል» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። እኔም እንዲህ ዓይነቱን ብዙ አጅቤያለሁ። ምሳው ግን አይታማም።

ይሄኛው ለየት ያለ ነበር። ጊዜው አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ከመቃጠሏ በፊት ነው። እኔ መንዝ ውስጥ የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎችን እከታተል ነበር። ለማታውቁት፣ ነገሩ በእረኝነት፣ በእርሻ ሥራ ወይም በመንገድ ርቀት ምክንያት መደበኛ ትምህርት ቤት ላልገቡ ከ7 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው። እዚያው መንደራቸው ባለ ጣቢያ የአራት ክፍሉን ትምህርት በሦስት ዓመት ይጨርሱና 5ኛ ክፍል ላይ መደበኛውን ይቀላቀላሉ። የሚያስተምሯቸው አመቻቾች ይባላሉ። ያኔ ብዙዎቹ 10ኛ ክፍል ጨርሰው አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ልጆች ነበሩ። ደሞዛቸውን ባልናገረው ይሻላል።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። የመንዝ አመቻቾች ሸዋሮቢት አካባቢ ወዳለ የቆላ ቀበሌ ይወርዳሉ። ሆቴል የለም። እያንዳንዳቸው ለየብቻ አንድ ተማሪ ቤት ያድራሉ። የቤቱ ልጅ የሚሠራውን ይሠራሉ። የመማሪያ ክፍሉን የሚያዩት መጨረሻ ላይ ነው። በኋላ ደግሞ የቆላዎቹ ተራ ይደርስና ወደ እኛ ይወጣሉ።

ለየብቻ የሚለው ብዙ አከራከረን። «ሁለት ሁለት እንሁን እንጂ፣ ባላውቀው ሰው ቤት ብቻዬን?» ያለኝ አልጠፋም። ሁለት ሆነው ከሄዱ ግን እርስ በርስ ሲያወሩ ያድራሉ፤ ባለቤቶቹም እንግዳ አስተናግደው ይሸኛሉ፤ አለቀ። ብቻውን የሆነ ሰው ግን ከቤተሰቡ ጋር ከማውራት ሌላ ምርጫ የለውም። ሴቶቹን እናት ያለችበት ቤት መደብን። ጥቅምት ስለሆነና በቆላው የወባ ጊዜ ስለሆነ ለሁሉም አጎበር ያዝን። በዚህ ተስማማን።

የተነሳንበት የመንዙ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ገብስና በግ አገር። በሞላሌ አድርገን ጣርማበር ደረስን። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፈን በደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ መኪናው ውስጥ ካፖርት በየተራ ይወልቅ ጀመር። ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ወበቅ። አንድ ዞን ውስጥ ሆኖ እንደ ሌላ አገር ነው።

የማወራችሁ ስለ አንዷ አመቻች ነው። የተመደበችው ሙስሊም ቤተሰብ ጋ ነበር። ማታ የቤቱ እመቤት ዶሮ ከነነፍሱ አምጥታ እጇ ላይ አኖረችላት። «ልጄ፣ የኛን ሥጋ አትበዪም፤ ጎረቤታችን ክርስቲያን ነው፣ እሱ ይባርክልሽ። ድስቱም ከነሱ ነው የመጣው።» እሷ ለካ የጽጌን ጾም ትጾማለች። ምን ትበል? ዶሮው በሕይወት ተረፈ፤ ሽሮ ተበላ። የቤቱ ትንሽ ልጅ ዶሮው ስለተረፈ ደስ አለው፤ የእሱ ነበር አሉ።

ያ ልጅ ነው የጣቢያው ተማሪ። በመዝገቡ ላይ ግን ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ስሙ ፊት ያለው ምልክት «ቀሪ» ብቻ ነው። የሱ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ልጆች ነው። የወሩ ሪፖርት ላይ የመቅረት ምክንያት በሚለው ሳጥን ውስጥ የተጻፈው «የወላጆች የግንዛቤ እጥረት» የሚል ነበር። ይህን ሐረግ የትኛውም የትምህርት ሰው ያውቀዋል። ልጅ ሲቀር ይጻፋል፤ ሲያቋርጥም ይጻፋል።

ልጁ ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ላይ ተነሳ። አመቻቿም ተከትላው ወጣች። ማሽላው ወተት ይዟል። መሐሉ ላይ በእንጨት የተሠራ ማማ አለ። ልጁ ወጥቶ ቆመ፤ ወንጭፉንና ጅራፉን አዘጋጀ። ጎህ ሲቀድ ግሪሳው መጣ። ግሪሳ ያላየ ሰው ወፍ ጥበቃ ማለት ጨዋታ ይመስለዋል። መንጋው ሲያርፍ አንዱ ጥግ ላይ ጊዜ ከተሰጠው ዛላው ባዶውን ይቀራል። ልጁ ይጮሃል፣ ጅራፍ ያጮሃል፣ ድንጋይ ይወነጭፋል። ከዚህ ሲባረር እዚያ ያርፋል፤ ከዚያኛው ማማ ሌላ ልጅ ይጮሃል።

እሷ የመንዝ ልጅ ናት፤ በግ ጠብቃ ነው ያደገችው። ወንጭፉን ተቀበለችውና ወረወረች። ድንጋዩ የት ድረስ እንደሄደ ልጆቹ ለሳምንት አወሩት ይባላል። «ቲቸር ትችላለች!» ተባለ። ከዚያ በኋላ ያልነገሯት ነገር የለም።

እነሱ ከነገሯት ውስጥ ዋናው ይህ ነው። ግሪሳ የሚበላው ጠዋትና ወደ ማታ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ወንዝ ዳር ካለው ግራር ገብቶ ያርፋል። ስለዚህ ከ5 ሰዓት ግድም ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ልጆቹ ከማማ ይወርዳሉ። ዛፍ ሥር መሬት ቆፍረው ገበጣ ይጫወታሉ፣ ይተኛሉ፣ ወንዝ ይገባሉ። ሥራ የላቸውም። ጣቢያው ደግሞ የሚያስተምረው ከ2 እስከ 5 ሰዓት ነው። ለምን? ቆላ ስለሆነ፣ ሳይሞቅ ይማሩ ተብሎ። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ግን ወፉም የሚመርጠው ያንኑ ቀዝቀዝ ያለ ሰዓት ነው።

በጉብኝቱ ማብቂያ የጣቢያው ኮሚቴ፣ ወላጆች፣ የእኛም የነሱም ባለሙያዎች ተሰበሰብን። አመቻቿ ያየችውን ተናገረች። አንድ ባለሙያ «ታዲያ ወላጆች ለትምህርት ቅድሚያ መስጠት አለባቸው» ሲል የቤቱ እመቤት አላስጨረሰችውም። «ትምህርቱንማ ማን ጠላ? ማሽላውን ወፍ ከጨረሰው ልጁን ምን አብልቼ ነው የምልከው?» አንድ ሽማግሌ ቀጠሉ፦ «ሰዓቱን ስታወጡ እኛንም አልጠየቃችሁ፣ ወፉንም አልጠየቃችሁ።» ሁሉም ሳቀ። ባለሙያውም ጭምር።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። የጣቢያው አመቻች የዚያው ቀበሌ ልጅ ነው። ማማ ላይ ያደገ ነው። ግሪሳ መቼ እንደሚያርፍ ከማናችንም በላይ ያውቃል። «አንተ ይህን እያወቅህ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት፣ ለብቻው ወስጄ። «ፕሮግራሙ ከላይ ነው የመጣው ብዬ ነው፣ ጋሼ። ሪፖርቱም ላይ ምክንያቱን በፊት ከነበረው ነው የገለበጥኩት» አለኝ። በአማራጭ ትምህርት አሠራር ሰዓቱን ከኅብረተሰቡ ጋር ሆኖ መወሰን ይቻላል፤ ጣቢያ የሚከፈተውም ለዚሁ ነው። ለአመቻቹ ግን እንዲህ ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ሰዎች ስለዚህ ጉብኝት «እንግዶቹ ምን ተማሩ?» ብለው ሲጠይቁኝ ጥያቄው ትንሽ የሳተ ይመስለኛል። የመንዟ አመቻች ለቆላው ሰው የማያውቀውን አልነገረችውም። የሚያውቀውን፣ ግን ለባለሥልጣን ለመናገር ያልደፈረውን፣ ከሩቅ ስለመጣች በድፍረት ተናገረችለት። እንግዳ አዋቂ ስለሆነ ሳይሆን «አላውቅም» ብሎ መጠየቅ ስለማያሳፍረው ይጠቅማል። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ወፉ ለምን እንደሚያርፍ ቢጠይቅ ይሳቅበታል።

ሰዓቱ ወደ ቀትር ተዛወረ። በቆርቆሮ የተሠራው ክፍል በዚያ ሰዓት እንደ ምጣድ ስለሚግል አባቶች ዛፉ ሥር በአገዳ ዳስ ሠሩ። ወንዶቹ ልጆች ተመለሱ። ሴቶቹ ላይ ግን እንደታሰበው አልሆነም። ቀትር ማለት ለሴት ልጅ ምሳና ውኃ የምታደርስበት ሰዓት ነው። ይህን ስብሰባው ላይ ማንም አላነሳውም፤ እናቶቹም ጭምር። አመቻቹ በኋላ አርፍደው ለሚመጡት የመጀመሪያውን ትምህርት ይደግም ጀመር። መፍትሔ ነው ብዬ አላሞግሰውም፤ ጉልበቱን ይጨርሰዋል።

የመልሱ ጉብኝት አጭር ነበር። የቆላዎቹ መንዝ ሲደርሱ ጥርሳቸው ተንገጫገጨ። ያሳደሯቸው ሰዎች በርኖስና ዝተት ደራርበውላቸው እንኳ እሳት ዳር ነው ያነጉት። ያው ማማ ላይ ያደገው የቆላው አመቻች ስብሰባ ላይ ተነስቶ «እናንተም ቀትር ላይ አድርጉት» ሲል የመንዝ አባቶች ሳቁ። በጥቅምት ውርጩ ሳይረግፍ በግ ከጋጣ አይወጣም፤ ቀትር ላይ ልጁም በጉም መስክ ናቸው። በእኛ አገር ልጅ የሚገኘው ማለዳ ነው። ሳቁ ሲያልፍ አንዱ አባት ከመጣበት ቆላ ስለ ግሪሳው እንዲያጫውታቸው ጠየቁት፤ ጨዋታው እስከ ማታ ዘለቀ።

እንዲህ ያለ ነገር ለማዘጋጀት ለምታስቡ፣ ወቅቱን በሥራ መሐል አድርጉት። በጥር ቢሆን ኖሮ ማሽላው ታጭዶ፣ ልጁ ክፍል ተቀምጦ፣ ሁሉም ደህና ሆኖ እናገኘው ነበር። እንግዳውን አስቀድማችሁ ቼክሊስት አታስይዙት፤ ወረቀት ያየ ገበሬ ግብር ወይም ቆጠራ መስሎት ይጠነቀቃል። ሌላው ሁሉ እዚያው ይለመዳል።

ከሁሉ የከበደን ሒሳብ ማወራረዱ ነበር። «የአልጋ ደረሰኝ?» ተባልን። አልጋ የለም፤ መደብ ላይ ነው ያደሩት። «ታዲያ ምን ላይ እንክፈል?» የቀበሌው ሊቀመንበር «በአርሶ አደር ቤት አድረዋል» ብሎ ጽፎ ማኅተም መትቶ ልኮልን ነበር። ሒሳብ ሹሟ አገላብጣ አየችውና «ይሄ ምስክር ነው እንጂ ደረሰኝ አይደለም» አለች። እውነቷን ነው፣ በሕጉ። አመቻቾቹ ግን ባዶ እጃቸውን ሰው ቤት አልገቡም። ቡና፣ ስኳርና ሳሙና የገዙት ከገዛ ኪሳቸው ነበር። ብዙ ተመላልሰን አበሉ ተከፈለ፤ የአልጋው ቀረ። ለሚቀጥለው ዙር ስንጽፍ ቡናውንና ስኳሩን «መስተንግዶ» በሚለው አርእስት ሥር አስገባነው። ሒሳብ ሹሟ ራሷ ናት የመከረችን፤ ሳሙናውን ግን አታስገቡት አለች።