ሌሊት ብቻዋን ለምትቆመው

ነሐሴ ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ዋለ፣ እኔም ያለምክንያት ሆድ ብሶኝ ዋልኩ። እዚህ ሆስፒታል አብራኝ የምትሠራው ነርስ እናቷን ለማስታመም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የጠየቀችው ዝውውር ጸድቆላት ሰኞ ትሄዳለች። "ምን ልያዝ?" ስትለኝ ቦቲ ጫማና የእጅ ባትሪ አልኳት። ሌላው ሁሉ የታሰበኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ጎበዝ ናት፤ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ከእሷ ጋር ተረኛ የሆነ ሰው ልቡ ያርፋል። ግን እዚህ ስንሠራ ሁላችንም ሰው ተደግፈን ነው። በሽተኛው ከበደን? ሐኪሙን እንቀሰቅሳለን። ደም ካስፈለገ ይመጣል፣ ሞኒተሩም ከእኛ ቀድሞ ይጮሃል። የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ ሌሊት ላይ ግን ያን ሁሉ ሕዝብ የምትጠብቀው አንዳንዴ አንዲት ነርስ ናት።

ነፍሰ ጡር እያንዘፈዘፋት በቃሬዛ ትመጣለች እንበል። መንዘፍዘፉን የሚያቆመው መድኃኒት፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ 10 ግራም ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ በመቀመጫዋ ይሰጣል። ይህን ነርሷ ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያስጨንቀኝ። ቀጣዩን መርፌ ከመውጋቷ በፊት፣ መድኃኒቱ እንዳልበዛ ለማወቅ፣ የበሽተኛዋን ጉልበት መታ አድርጋ እግሯ መንቀሳቀሱን ታያለች፣ እስትንፋሷ በደቂቃ ከ16 አለማነሱን በሰዓቷ ትቆጥራለች፣ ሽንቷ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር መድረሱን ትለካለች። መድኃኒቱ ቢበዛ የሚያረክሰው ካልሲየም ግሉኮኔትም አጠገቧ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ በባትሪ ብርሃን፣ በገዛ ዓይኗና ጆሮዋ።

ሪፈሩስ? እዚህ ወረቀት ጽፈን እንሸኛለን። እዚያ ግን አምቡላንሱ ጭቃ ይይዘዋል፣ ወንዙ ይሞላል። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ "ትሂድ" ማለትና እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት መጠበቅ እናትየዋን ማትረፍና ማጣት ሊሆን ይችላል። ይህን ውሳኔ አይሲዩ አላስተማራትም።

በ1940ዎቹ የተከፈተው የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን ለገጠር ያዘጋጅ ነበር። ዛሬም ጀማሪዋን እናሠለጥናለን። ልምድ ላላት ግን ደብዳቤ ሰጥተን "ታውቂዋለሽ" ብለን እንሸኛለን። ይህ ያናድደኛል። ማዋለጃ ክፍል ገብታ እጇን ታፍታታ፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር ቤት ለቤት ትዙር፤ የትኛው ቤት ነፍሰ ጡር እንዳለች፣ የትኛው ጎጥ ሲዘንብ ከመንገድ እንደሚቆረጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሌሊት ደውላ "እንዲህ ሆነብኝ" የምትለው አንድ አዋቂ ሰውም ይመደብላት።

ነገ የማዋለጃ ክፍሉን ኃላፊ እለምናለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሌሊት አብራቸው እንድትቆም። እሺ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግን ሁለት ሌሊት ምን ያህሉን ያስተምራታል?