ታስሮ ለመጣ ሰው መርፌ ከመውጋታችሁ በፊት

ከዘጌም ሆነ ከደንቢያ፣ አእምሮው ታውኮ ስለረበሸ በገመድ ተጠፍንጎ የመጣ ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነሳው ሲሪንጅ ነው። መቅደም ያለበት ግን የሙቀት መለኪያና የደም ስኳር ምርመራ ነው። ጣና ዳር ወባ አለ። ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ የስኳር መውረድ፣ ሁሉም ሰውን ያስጮሃሉ፤ የሚረብሽን ሰው የሚያረጋጋው ሃሎፔሪዶል አንዱንም አያድንም። አረቄ በድንገት አቁሞ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መድኃኒቱ ዲያዜፓም ነው፤ ሃሎፔሪዶል ብቻውን ከተሰጠው መንፈራገጥ ሊያስነሳበት ይችላል።

ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ያናግረው፦ «ወንድሜ፣ እዚህ የሚነካህ የለም። ኪኒን ይሻልሃል ወይስ መርፌ?» ምርጫ ሲሰጠው ኪኒኑን የሚውጠው ብዙ ነው።

እምቢ ካለ 5 ሚሊግራም ሃሎፔሪዶል ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም ፕሮሜታዚን ጋር በጡንቻ ይወጋል፤ ለሽማግሌ ከግማሽ አይበልጥም። ለመድገም ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ፕሮሜታዚኑ የሃሎፔሪዶልን ጉዳት ይከላከላል፤ «ለእንቅልፍ ነው» ብሎ መተው ትልቅ ስህተት ነው። ሃሎፔሪዶል ብቻውን የተወጋ ጎረምሳ ከሰዓታት በኋላ አንገቱ ሊጣመም፣ ምላሱ ሊወጣ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ጋኔኑ የባሰበት ይመስለውና ወደ ጠበል ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒት የሚባል ነገር አያስነኩትም፤ አይፈረድባቸውም። ነገሩ የመድኃኒቱ ጉዳት ነው፤ ፕሮሜታዚን በጡንቻ ሲወጋ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል።

ዲያዜፓም በጡንቻ አወሳሰዱ አይታመንም። በደም ሥር 10 ሚሊግራም ከሆነ ከ2 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ቀስ ብሎ ይሰጥ፣ አምቡ ባግ (ትንፋሽ ሲደክም በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) አጠገብ ይኑር፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀል። ሌላው ማረጋጊያ ክሎርፕሮማዚን የደም ግፊት ይጥላል፤ የተወጋው ሰው ድንገት ከተነሳ ይወድቃል። የወር መርፌ (ፍሉፌናዚን) ደግሞ ለዕለቱ ረብሻ አይሆንም፦ ሥራው ይዘገያል፣ ጉዳቱ ግን ለሳምንታት ይቆያል።

ሲተኛ ሁሉም እፎይ ብሎ የሚበተንበት ሰዓት ነው አደገኛው። በጎኑ አስተኙት፤ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ በደረቱ በፍጹም አይተኛ። ገመዱን ፍቱ፣ ጣቶቹ ቀዝቅዘው ወይም አብጠው እንደሆነ እዩ። በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊትና ሙቀት ይለካ። ትኩሳት መጥቶ ሰውነቱ እንደ እንጨት ከደረቀ ሃሎፔሪዶሉ ይቁም፤ ሳይውል ሳያድር ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይላክ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «መርፌ ተሰጥቶታል» ብቻ አይጻፍ፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የተወጋበት ሰዓት ካልሰፈረ ተቀባዩ ሐኪም ያንኑ ሊደግምበት ይችላል።