«የሚውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ»

ከፋሲካ በኋላ የምታገባ ልጅ የሐበሻ ቀሚስ ጨርቅ አምጥታልኝ ነበር። ጊዜው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። የክንዷን ልክ ራሴ ወስጄ ደብተሬ ላይ 58 ብዬ ጽፌያለሁ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ በጠመኔ አስምሬ ቆረጥኩት፤ ሁለቱንም እጅጌ 48 ላይ። ሸማኔ ለክቶ የሠራው ጨርቅ ነው፣ ትርፍ የለውም። ደብተሩን ደጋግሜ አየሁት፣ 58 ይላል። ሜትሩን አየሁት። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «እትዬ፣ አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍቻለሁ፣ ጨርቅ ላይ እንዲህ ስቼ አላውቅም።

ያሳተኝ ቪታሚን ዲ ነበር። ይህን ለማወቅ ግን ከዚያ ቀን በኋላም ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ከመጀመሪያው ልናገር። ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ የስፌት ቤት አለችኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ገብቼ ማታ 1 ሰዓት እወጣለሁ፤ ፀሐይን የማያት በመስኮቱ መስታወት በኩል ነው። አምና መስከረም ላይ ጭኔንና ወገቤን አጥንቴ ውስጥ ገብቶ የሚበላ ሕመም ያዘኝ። የመኪናውን ፔዳል መርገጥ እንኳ አቃተኝ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ ቪታሚን ዲ 11 ነው አሉኝ፣ ቢያንስ 20 መሆን ሲገባው። የ13 ወር ፀሐይ አገር ተቀምጬ እንዴት ይሆናል ብዬ ተገረምኩ። ሰውነት ቪታሚኑን የሚሠራው ፀሐይ ራሷ ቆዳ ላይ ስታርፍ ነው፤ ለዚያ የሚፈለገው ጨረር መስታወት አያልፍም፣ የእኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከነጩ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ለሚውል ሰው የሐዋሳ ፀሐይ ቢያቃጥልም ጥቅም የለውም።

ባለ 50,000 ዩኒት እንክብል ታዘዘልኝ፤ በሳምንት አንድ፣ ለ8 ሳምንት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እወስድ ነበር። እውነቱን ለመናገር መድኃኒቱ ሠርቶልኛል። በአምስተኛው ሳምንት ሕመሙ ቀለል አለ፣ ኅዳር ጽዮንን በእግሬ ሄጄ ነው ያነገስኩት። ስምንቱ ሳምንት ሲያልቅ ግን አላቆምኩም። ካቆምኩት ይመለስብኛል ብዬ ፈራሁ። መድኃኒት ቤቱም ወረቀት አልጠየቀኝም፤ ቪታሚን ነው፣ ብሩን ከፍዬ ይዤ ወጣሁ።

ለገና ታናሽ እህቴ ከአሜሪካ ሰው አግኝታ ሁለት ብልቃጥ ላከችልኝ። «እታለም፣ ይሄ ጥሩው ነው፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ዋጪ» አለችኝ በስልክ። አንዱን ብልቃጥ ለጎረቤቴ ለእማማ ሰጠሁ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የራሴን ጀመርኩ። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት በደንብ ልናገረው፣ ሌላም ሰው ሊሠራው ስለሚችል። ብልቃጡ ላይ በትልቁ የተጻፈው 125 ነው። እኔ ለሃምሳ ሺህ የለመድኩ ሰው 125 ስመለከት እንደ ምንም ቆጠርኩት። 125 ግን ዩኒት አይደለም፣ ማይክሮግራም ነው። አንዱ ማይክሮግራም 40 ዩኒት ነው፤ 125 ማለት 5,000 ዩኒት በየቀኑ ማለት ነው። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ አላየሁትም።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ወተት የለ፣ አይብ የለ፤ ለአጥንቴ ብዬ የካልሲየም ኪኒን ጨመርኩ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ። እያንዳንዷ 600 ሚሊግራም ካልሲየም አላት። 400 ዩኒት ቪታሚን ዲ ውስጧ እንዳለም ያወቅኩት ኋላ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ድርቀት ነው። ጾሙ ነው አልኩ። ከዚያ ጥማቱ መጣ። ያን የመሰለ ጥማት አይቼ አላውቅም፤ ሁለት ሊትር ውሃ ጠጥቼ አፌ እንደ ጨርቅ ይደርቃል፣ ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ። ስኳር ያዘኝ ብዬ ተመረመርኩ፤ ስኳር የለም። ምግብ ጠላሁ፣ የሽሮ ሽታ ሲመጣ ያቅለሸልሸኛል። ያው ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ፣ በሳምንቱ ደግሞ ታይፎይድ ነው ብሎ ሌላ ሰጠኝ። ዘመድ ሁሉ ጭንቀት ነው አለ። እግሬ ዛለ። ሰው ሲያወራኝ መጀመሪያውን እየሰማሁ መጨረሻው ይጠፋኛል። የሙሽራዋ እጅጌ የተቆረጠው በዚህ መሐል ነው።

በየቦታው አንድ ጥያቄ እጠየቅ ነበር፦ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» «የግፊት ብቻ» እላለሁ። አልዋሸሁም፤ ቪታሚን በእኛ አፍ መድኃኒት አይባልም። ለታመመ ሰው ብርቱካን ይዞ እንደሚኬደው ሁሉ ቪታሚንም ስጦታ ነው፣ ለሰው ይሰጣል፣ ከአሜሪካ ይላካል፣ «ምን ያደርጋል፣ ቪታሚን እኮ ነው» ይባላል። እኔም ብዬዋለሁ።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት አንድ ማለዳ ከአልጋ ስነሳ ወደቅኩ። ልጄ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰደኝ። ያየችኝ ዶክተር ወጣት ናት፣ ከልጄ ብዙም አትበልጥም። መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ አላለችኝም። «እናቴ፣ ቤት ያለውን የሚውጡትን ሁሉ፣ ባህላዊም ቢሆን፣ ቪታሚንም ቢሆን፣ በፌስታል አድርገው ያስመጡልኝ» አለችኝ። ልጄ ሮጦ አመጣ። ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ ገለበጠችውና አንድ በአንድ አቆመቻቸው። እስክሪብቶ አነሳችና የላብራቶሪ ወረቀት ጀርባ ላይ መደመር ጀመረች። እኔ ጨርቅ ስለካ በሜትር እንደማደርገው በጣቷ እየተከተለች ታነብባለች። 50,000 ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 7,100 ገደማ። ከብልቃጡ 5,000። ከካልሲየሙ 800። በቀን ወደ 12,900 ዩኒት። «ለአዋቂ ሰው በቀን 600 ይበቃል፤ ያለ ሐኪም ክትትል ከ4,000 አይታለፍም» አለችኝ። እያንዳንዱን ለብቻው ብወስደው ይህን ያህል ላያደርሰኝ ይችል ነበር። ሦስቱ ተደምረው ነው።

ከዚያ አራተኛውን ዕቃ አነሳች፤ የግፊት ኪኒኔን። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይባላል፣ አገሩ ሁሉ የሚወስደው፣ የሽንት ኪኒን የምንለው። ይህ ኪኒን ጨውና ውሃ በሽንት ሲያስወጣ ካልሲየምን ግን ኩላሊት እንዲያስቀር ያደርጋል። ቪታሚን ዲ ካልሲየሙን ከአንጀት ወደ ደም ያስገባል፣ የግፊቱ ኪኒን መውጫውን ያጠብበታል፣ እኔ ደግሞ ላዩ ላይ 1,200 ሚሊግራም እጨምራለሁ። የደሜ ካልሲየም 12.6 መጣ፤ ከ10.5 ገደማ ማለፍ አልነበረበትም። ኩላሊቴም ሥራው ቀንሷል። ጥማቱ፣ ድርቀቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ የእግሬ መዛል፣ 58ን 48 ማየቴ ሁሉም ከዚህ ነው። ካልሲየም በደም ሲበዛ ኩላሊት ውሃ መያዝ ያቅተዋል፣ አንጀት ይሰንፋል፣ ሐሳብም ይደፈርሳል።

ደረቴን ራጅ አስነሳችኝ። ሳል የለኝም አልኳት። ቲቢ ያለበት ሰው ሳያውቀው ቪታሚን ዲ ቢወስድ ካልሲየሙ ሊያሻቅብ እንደሚችል የነገረችኝ ያኔ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ቪታሚኑን ወደሚሠራው መልክ የሚቀይረው ኩላሊት ነው፣ የሚቀይረውም በልኩ ነው። ቲቢ ያረፈበት ቦታ ያሉ ሴሎች ግን ልክ ሳያውቁ ይቀይሩታል፤ ስለዚህ ብዙም ያልወሰደ ሰው ሊታመም ይችላል። በአገራችን ቲቢ ስንት ቤት እንደገባ ስለማውቅ ይህ ከሁሉ በላይ አስደነገጠኝ። ራጁ ንጹሕ ሆነ፣ ተመስገን።

አራት ቀን ተኛሁ። ቀንና ሌሊት ጨው ያለው ውሃ በደም ሥሬ ገባ። ቪታሚኖቹ ሁሉ ቆሙ፣ የግፊት ኪኒኔም በሌላ ተቀየረ። ካልሲየሙ ወደ 11.3 ወረደ፣ ስወጣ 10.4 ነበር። ወደ አዲስ አበባ የተላከው የቪታሚን ዲ ውጤት ኋላ ሲመጣ 112 ይላል። ከ11 ተነስቶ 112። ይህ ቪታሚን ስብ ውስጥ ስለሚከማች እንደ ቪታሚን ሲ በሽንት አይሄድም፤ ካቆምኩት በኋላም ለወራት እየተመላለስኩ ደም ሰጥቻለሁ።

ከዳንኩ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አንዱ አልረሳኝ አለ። በፈረንጆቹ 2010 ውጤቱ የወጣ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ 2,256 ሴቶች ነበሩበት። ለግማሾቹ አጥንታቸው እንዲጠነክር ብለው በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት ሰጧቸው። ቪታሚኑን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት ወደቁ፣ በብዛትም ተሰበሩ። አጥንት ሊጠግን የተሰጠ ነገር ነው። የፀሐይዋ ግን ሌላ ነው፤ ቆዳ ከልኩ ሲያልፍ ትርፉን ራሱ ወደማይጠቅም ነገር ስለሚለውጠው ፀሐይ በመሞቅ ብቻ በቪታሚን ዲ የሚመረዝ የለም። አሁን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እጅጌዬን ሰብስቤ የሱቁ ደጃፍ ላይ ሩብ ሰዓት እቀመጣለሁ። ቁልፍ መትከልና መዘምዘም ያለውን ሥራ ወደዚያ ሰዓት አዙሬዋለሁ።

አራስ ቤት ያላችሁ እህቶቼ፣ ሐኪም ለሕፃኑ ያዘዘውን ጠብታ በእኔ ታሪክ እንዳታቆሙት፣ እለምናችኋለሁ። የሕፃን መጠን በቀን 400 ዩኒት ነው፣ ይፈልገዋልም። ምች ይመታዋል እየተባለ ከፀሐይ ተሸሽጎ አድጎ እግሩ የቆለመመ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ያኔ በ11 መታከም ነበረብኝ። ጥፋቱ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ያለው ነው።

እህቴ በስልክ ስትሰማ አለቀሰች። «እኔ ነኝ የገደልኩሽ» አለች። አይደለም፣ በፍቅር ነው የላክሽው፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም ተባባልን።

ከሆስፒታል ልወጣ ስል ዶክተሯ «ለሌላ ሰው ሰጥተዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእማማ! ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፣ ለልባቸው ዲጎክሲን ይወስዳሉ፤ ስሙን የማውቀው እኔ ስለምገዛላቸው ነው። ዲጎክሲን ስላት ፊቷ ተለወጠ። ካልሲየም ከፍ ሲል ከዚያ መድኃኒት ጋር የልብ ምት ያዛባል፣ ዛሬውኑ ይሂዱ አለችኝ። የሰሞነ ሕማማት ረቡዕ ነበር። ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ እሳቸው ጋ ሄድኩ። ልጄ ደግፎኝ ደጃቸው ስደርስ እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለስግደት ሊወጡ ነው።

«እማማ፣ ያ የሰጠሁዎት ቪታሚን የት አለ?»

«ምነው ልጄ፣ ገና ከታመምሽበት ሳትነሺ የቪታሚን ነገር? አለ እኮ።»

«ይወስዱታል?»

«ጀምሬው ነበር፤ ኋላ ያቺ የልጅ ልጄ ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ከከብት ነው የሚሠራው አለችኝ። ጾም ሲገባ ተውኩት። ለፋሲካ ልጀምረው አስቀምጬዋለሁ።»

እኔ ጾሙን ሙሉ ስውጠው ይህ ጨርሶ ትዝ አላለኝም። ከቁም ሳጥናቸው በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀመጡትን አወጡልኝ። አልጋቸው ላይ ተቀምጬ ልጄ ቆጠረው፤ የጎደለው ሃያ ስድስት ነው። ብልቃጡን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ሐሙስ ጠዋት አብረን ደም እንድንሰጥ ተቀጣጠርን። «ቪታሚን እኮ ነው፣ ምን እንዲህ ያስሮጥሻል» እያሉ እስከ በሩ ሸኙኝ።