«ምንም» ያለቀበት ወፍጮ ቤት

አክስቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ የእህል ወፍጮ ቤት አላት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በዚህች ከተማ፣ ማለዳ ላይ እጅን ከጋቢ ውስጥ ማውጣት ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው፤ ሆኖም ገብስና ስንዴያቸውን በአህያ ጭነው ከባሶና ወራና ወረዳ ቀበሌዎች የሚመጡት ደንበኞቿ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወረፋ ይይዛሉ። አክስቴ የእያንዳንዱን ሰው ኪሎ በደብተር ትጽፋለች፤ ማታ ሲደመር ግን ደብተሩና ገንዘቡ ተስማምተው አያውቁም። እኔም ኮምፒውተር የተማርሁ የወንድሟ ልጅ ነኝና፣ ዲጂታል ሚዛኑን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ ኪሎው በራሱ እንዲመዘገብ አደርጋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ሥራው በሁለት ቀን እንዲያልቅ ተወሰነ፤ የወሰንሁት እኔው ነኝ።

ሚዛኑ ሲገዛ አብሮት በመጣው ሲዲ ላይ በሲ ቋንቋ የተዘጋጀ አንድ ዲኤልኤል ፋይል (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የተዘጋጀ ኮድ)፣ ከእሱ ጋር የሚያያይዝ አንድ ላይብረሪና የትእዛዞቹን ስም የሚዘረዝር አንድ ሄደር ፋይል ነበሩ፤ ማብራሪያ የሚባል ነገር አልነበረም። ፕሮግራሙን የምጽፈው በፓይተን ቋንቋ ስለሆነ፣ ፓይተንን ከዚህ ዲኤልኤል ጋር የሚያነጋግር አስተርጓሚ ያስፈልገኝ ነበር። ፓይተን ራሱ ይዞት በሚመጣው ሲታይፕስ በሚባል መሣሪያ፣ የሲ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ኮምፓይለር ሳያስፈልግ፣ ነገሩን መጨረስ ይቻል እንደነበር አውቃለሁ፤ ነገር ግን ፓይተን የሚጠራው፣ በሲ የተጻፈ የራሴ ሞጁል ይኑረኝ የሚል ክብር ያዘኝ። ለክብሩ የከፈልሁትን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ስልሳ መስመር የማትሞላውን ኮዴን ጽፌ ኮምፓይል ላደርግ ስል፣ ላፕቶፔ ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 14 ያስፈልጋል ብሎ ቀጥ አለ። ኮምፓይለሩ ያለበትን ቢልድ ቱልስ የተባለውን ጥቅል ማውረድ ጀመርሁ፤ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ከስልኬ ጋር አብሬ እየተጨነቅሁ ሁለት ሌሊት አደርሁ። አክስቴ ይህን ያህል የማወርደው ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ «ሰው የጻፈውን ለማሽን የሚፈጭ ወፍጮ ነው» አልኋት። ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ወፍጮው ከእህሉ እንዲህ የሚከብደው፣ ጓዳህ ውስጥ ስንት ኩንታል አለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ኮምፓይለሩ ገብቶ ሥራ ሲጀምር ደግሞ የኮዱን ክፍሎች የሚያያይዘው ሊንከር የሲዲው ላይብረሪ ኤክስ 86 (ባለ 32 ቢት)፣ የእኔ ፓይተን ግን ኤክስ 64 (ባለ 64 ቢት) መሆኑን ነገረኝ። ባለ 64 ቢት ፕሮግራም ባለ 32 ቢት ዲኤልኤል ሊጭን አይችልም፤ ለዚህ ሽምግልና አይረዳም። በዚህ ላይ የወፍጮ ቤቱ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ስለነበር ሊቀበል የሚችለው የመጨረሻ ፓይተን 3.8 ነው፤ ለአንዱ ስሪት የተሠራ ሞጁል ደግሞ እንዲሁ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ባለ 32 ቢቱን ፓይተን 3.8 ጭኜ ሁሉን እንደ አዲስ ሠራሁ። በአራተኛው ቀን በፍላሽ ይዤ ሄድሁ፤ አንድ ጆንያ ስንዴ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ታየ። አክስቴ እልል አለች፤ ዱቄት የለበሰው የወፍጮው ልጅም አጨበጨበ።

በነጋታው ደወለች። «ይሄ ነገርህ ሞተ።» አስነስቼው ሄድሁ፤ እንደገና ሞተ። የሚገርመው፣ ወረፋ ባለበት ሰዓት ጤነኛ ነው፤ ሰው ጠፍቶ ሚዛኑ ባዶውን ሲቀመጥ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መስኮቱ ብን ብሎ ይጠፋል። «ሥራ ሲፈታ የሚሞት ዕቃ ዛሬ አየሁ፤ ከአንተ ይልቅ እሱ ታታሪ ነው» ስትል አክስቴ መሰከረችለት።

እኔ ገመዱን ስጠረጥር፣ ሚዛኑን ስጠረጥር፣ ኪቦርዱ ውስጥ የገባውን ዱቄት በእፍታ ሳስወጣ ሦስት ቀን አለፈ። ከዚያም ነገሩ በድንገት ተሻለውና መሞቱን ተወ። ምን እንዳዳነው ሳልጠይቅ ምስጋናውን ተቀበልሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት እናት ወፍጮ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት። «ከቤቴ 50 ኪሎ መዝኜ የጫንሁት ገብስ እዚህ 54 ሆነ፤ መንገድ ላይ ወለደ እንዴ?» ይላሉ። አብረን ወደ ሚዛኑ ስንሄድ፣ ከጆንያው ጎን አንድ የድሮ የእጅ ወፍጮ መጅ ተጋድሟል። የወፍጮው ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ሚዛኑ ላይ አንድ ነገር ካለ እኮ አይሞትም፤ እኔ ነኝ ያስቀመጥሁት። አሁን ሳላነሳው ረስቼ ነው» አለ። እኔ በሦስት ቀን ያላገኘሁትን እሱ በአንድ ከሰዓት አግኝቶት ኖሯል። መዝገቡን ስከፍተው ባለፉት ቀናት አንድ ስም የለሽ ደንበኛ፣ አንዳንዴ በቀን ሰባት ጊዜ፣ ልክ 4.2 ኪሎ እያስፈጨ አንድም ጊዜ ሳይከፍል ሄዷል። የሂሳቡ ጉድለት ከደብተሩ ዘመን ብሶ ነበር። አክስቴ ለእኒያ እናት የአራቱን ኪሎ ገንዘብ መልሳ፣ አንድ ኪሎ የባቄላ ክክ ጨምራ፣ ይቅርታ ጠየቀች።

መጁ ግን መንገዱን አሳይቶኛል። ፕሮግራሙን ከጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት አስነስቼ፣ ሚዛኑን ባዶ አድርጌ አፍጥጬ ጠበቅሁ። ሲሞት የተናዘዘው አንድ መስመር ነበር፦ «ፈታል ፓይተን ኤረር፦ ዲአሎኬቲንግ ነን»፤ «ነን» የሚባለውን ላስወግድ ነው እንደ ማለት። ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይተን እያንዳንዱ ነገር በስንት ቦታ እንደተያዘ ይቆጥራል፤ ቆጠራው ዜሮ ሲሆን ነገሩን ያስወግደዋል። «ነን» የሚባለው፣ እኛ «ምንም» ልንለው የምንችለው፣ በመላው ፕሮግራም ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ባዶ መመለስ የሚፈልግ ሁሉ እሱኑ ይዋሳል። በሲ የሚጽፍ ሰው «ምንም»ን ሲመልስ ቆጠራውን በአንድ መጨመር አለበት፤ ተቀባዩ ተጠቅሞ ሲጨርስ አንድ ይቀንሳልና። የእኔ ሞጁል ሚዛኑ ባዶ በሆነ ጊዜ ሁሉ፣ በሰከንድ አሥር ጊዜ፣ ሳይጨምር ይመልስ ነበር። ፕሮግራሙ ሲነሳ ጥቂት ሺህ የነበረው ቆጠራ በጥቂት ደቂቃ ተሟጦ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ፓይተን 3.12 ጀምሮ «ምንም» እንዳይሞት ተደርጓል፤ ዊንዶውስ 7 ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ይህ የሩቅ ዘመድ ሀብት ነው።

አክስቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ምን አልቆበት ኖሯል?»

«ምንም» አልኋት።

«ምንም ካላለቀበትማ ለምን ይሞታል?»

«እትዬ፣ ያለቀው እኮ ምንም ነው። ምንም ስላለቀ ነው የሞተው።»

አተኩራ አየችኝና ወደ ልጁ ዞረች። «ጋቢ አምጣና ደርብለት፤ ብርድ መቶታል።»

ጥገናው አንድ መስመር ነበር፤ «ፓይ ሪተርን ነን» የሚባለውን፣ ጨምሮ የሚመልሰውን አጻጻፍ ተክቼ ሞጁሉን እንደገና ኮምፓይል አደረግሁ። ሚዛኑ ሙሉ ቀን ባዶውን ዋለ፤ ፕሮግራሙ አልሞተም። መጁም ወደ ጓዳ እንዲመለስ አዘዝሁ።

መዝገቡን አሁንም በየሳምንቱ አየዋለሁ። ልጁ ማታ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግ ባላይም፣ በየማለዳው የመጀመሪያው ደንበኛ 4.2 ኪሎ ነው።