ለስሜን ተራሮች ጉዞ ያዘጋጀነው ቆሎ

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከደባርቅ ተነሥተን በሳንቃበርና በግጭ በኩል እስከ ጨነቅ በእግር ለመጓዝ ስንወስን፣ የድንኳኑንና የበቅሎውን ጉዳይ ሌሎቹ ተከፋፍለው ሲይዙት የመንገዱ ስንቅ የእኔ ድርሻ ሆነ። ቁርስና እራት በየማደሪያው በቡታ ጋዝ ስለምናበስል አላሳሰበኝም፤ ያሳሰበኝ በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም የእግር ጉዞ ነበር። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ከመቶ ዲግሪ በታች ነው፤ ወደ 3,600 ሜትር ገደማ በሆነው በግጭ ከ88 ዲግሪ ብዙም አይዘልም፤ በመሆኑም ጥራጥሬ ለመቀቀል የሚፈጀው ጊዜና ጋዝ ብዙ ነው። አስቀድሞ ተቆልቶ ያለቀለት እህል ግን ከኪስ ወጥቶ እየተራመዱ ይበላል።

በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች በትንንሽ ፓኬት የሚሸጠውን የአልሞንድ፣ የካሹና የዘቢብ ድብልቅ እንግዛ ያለ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ዋጋው ውድ ከመሆኑም በላይ የፓኬቱ ላስቲክ በየመንገዱ የሚወድቅ ቆሻሻ ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ግን የገብስና የሽምብራ አገር ወደሆነው ስሜን ስንሄድ ከባሕር ማዶ የመጣ ስንቅ መሸከም ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ከመካከላችን ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ስለነበሩ፣ ሙስሊም ባልደረባም አብሮን ስለነበረ፣ ቅቤ ያልገባበት ቆሎ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ያስተናግዳል። በዚሁ ምክንያት፣ በንጥር ቅቤ የታሸው ጭኮ ለብርድ የሚያህለው ባይኖርም፣ ለማይጾሙት ብቻ በትንሽ ዕቃ ለብቻው እንዲያዝ አደረግሁ።

ከጉዞው በፊት ጎንደር አክስቴ ቤት አርፌ ስለነበር እህሉን ከቅዳሜ ገበያ ሸምተን ሥራውን በእርሷ ምጣድ ላይ ጀመርነው። ገብሱ ውኃ ተርከፍክፎበት በሙቀጫ ተፈተገ፤ ገለባው በሰፌድ ተበጥሮ ከወጣለት በኋላ በመካከለኛ እሳት ተቆላ። ሽምብራው ማታ ተዘፍዝፎ አድሮ፣ ጠዋት ውኃው ጠፍፎ ተቆላ፤ ሊበስል ሲል የጨው ውኃ ተረጨበት፤ ጨው የነካው እርሱ ብቻ ነው። ለውዙ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ የወሰደው በቁላቱ ሳይሆን በለቀማው ነው። የሻገተች፣ የተጨማደደች ወይም መልኳ የጠቆረች ፍሬ ሁሉ ተለቅማ ተጣለች፤ ምክንያቱም ሻጋታው የሚፈጥረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመቁላት ጨርሶ አይጠፋም። ለውዝ ገዝቶ ሳይለቅም የሚቆላ ሰው ሳይ ዝም ማለት አልችልም። ሱፉ ትንሽ ሙቀት ብቻ ስለሚበቃው መጨረሻ ላይ ምጣዱ ሊበርድ ሲል ገባ።

መጠኑን ስንወስን ለሁለት እጅ ገብስ አንድ እጅ ሽምብራ፣ አንድ እጅ ለውዝና ግማሽ እጅ ሱፍ አደረግን። የዚህ ስሌት መነሻ ክብደት ነው። አንድ ግራም ስብ ዘጠኝ ካሎሪ ያህል ሲሰጥ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን አራት ያህል ብቻ ስለሚሰጥ፣ ግማሽ ያህሉ ስብ የሆነው ለውዝና ዘይታማው ሱፍ በትንሽ ሸክም ብዙ ጉልበት ያስይዛሉ። ታዲያ ለውዙ ለምን አልበዛም ቢባል፣ ስብ ቀስ ብሎ የሚፈጭ በመሆኑ ቁልቁለቱ አልቆ ሽቅቡ ሲጀመር ሰውነት ቶሎ የሚያገኘው ጉልበት ከገብሱ ነው፤ ደግሞም ለውዝ ብቻ የበላ ሰው በከፍታ ላይ ቶሎ ይሰለቸዋል።

ትኩሱን ቆሎ ወደ ማሸጊያው ልገለብጥ ስል አክስቴ እጄን ያዘች። «አንተ ልጅ፣ የመንገድ ቆሎ ለየብቻው ቀዝቅዞ ነው የሚቀላቀለው። በትኩሱ ከዘጋኸው ያልበዋል፤ ያላበው ደግሞ ጥርስ ላይ ይጎተታል» አለችኝ። እያንዳንዱ እህል በየሰፌዱ ተሰጥቶ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ የጣፋጩ ነበር። ቴምር ለድካም ጊዜ የሚመረጥ ቢሆንም እርጥበት አለው፤ ከቆሎው ጋር ካደረ ቆሎው ልምሻ ይመታዋል። ስለዚህ ፍሬውን አውጥተን ቴምሩን በደቃቁ ከተፍነው፤ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ በበሶ ዱቄት ላይ አንከባለልነውና በሌላ ዕቃ አኖርነው። በበርበሬ የተለወሰውንና በምጣድ የደረቀውን ዳቦ ቆሎም እንዲሁ ለብቻ ያዝነው፤ የበርበሬው ሽታ ሁሉን እንዳይወርስ ነው።

ዋናው ስንቅ ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ በበቅሎ ተጫነ። ለየዕለቱ የሚያስፈልገውን ግን ጠዋት ጠዋት ለእያንዳንዱ ሰው በትንሽ የጨርቅ ከረጢት እሰፍር ነበር፤ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን አንድ መቶ ሃምሳ ግራም ገደማ። በዚህ አያያዝ ጉሙ ወርዶ ልብሳችንን በሚያርስበት ጊዜ እንኳ የሚረጥበው የዕለቱ ቆሎ ብቻ ነው።

የተጓዝንበት የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ለዓመታት አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ የወጣው በ2017 ነው። ከደባርቁ ጽሕፈት ቤት የተመደቡልን ስካውት ጠመንጃቸውን ያነገቱ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ ሰው ነበሩ። ሳንቃበር አካባቢ የጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንጋ ሣር እየነቀለ ሲግጥ አጠገባቸው አረፍ ብለን ከረጢታችንን ፈታን፤ ከመካከላችን አንዱ ለአንዲት ግልገል ሽምብራ ሊወረውር ሲቃጣ ስካውቱ በቁጣ ከለከሉት። ትክክል ነበሩ። ጭላዳ ኑሮው በሣር ነው፤ የሰው እህል አንዴ ከለመደ ከጎብኚው ከረጢትና ከገበሬው ማሳ ጋር መጣላቱ አይቀርም። ያን ዕለት የወደቀችውን ፍሬ ሁሉ ለቅመን ነው የተነሣነው፤ ቆሎ በቆመበት የሚበላ ሰው መሬት ላይ ስንት እንደሚያፈስስ ያስተዋልሁትም ያኔ ነው።

እውነተኛው ፈተና ከግጭ ተነሥተን 3,926 ሜትር ከፍታ ባለው እሜት ጎጎ በኩል ወደ ጨነቅ የወረድንበት ቀን ነበር። ጅብራ በተባለው ረጅም የደጋ ተክል መካከል ሽቅብ ስንወጣ አየሩ ሳስቶ ትንፋሽ ያጥራል፤ የምግብ ፍላጎትም አብሮ ይጠፋል። አንዳንዶቻችን አልራበንም ብለን ከረጢታችንን ሳንነካ ስንሄድ ስካውቱ ዘወር ብለው፣ «ልጆቼ፣ ሽቅብ ሲወጣ ሆድ ሳይጮህ ነው መቅመስ። ከጮኸ በኋላ እግር አይታዘዝም» አሉን። እርሳቸው ራሳቸው ከጋቢያቸው ሥር በሶ በጨርቅ ቋጥረው ይዘው ነበር፤ በጣሳ ውኃ በጥብጠው ጠጡና ከእኔ ቆሎ ሲቀርብላቸው ሱፉን አደነቁ። ከዚያ ወዲያ በየሰዓቱ አንድ ጭብጥ ቆሎ መብላትን ደንብ አደረግነው፤ ከእርሱም ላይ ውኃ መጎንጨትን። ገደሉን እየተመለከትን ስናርፍ የቀረበው ቴምር ግን ከሁሉ ይልቅ ተወደደ፤ ቆሎ ለማኘክ የሰነፈ አፍ ጣፋጩን እምቢ አይልም።

ከጨነቅ ተነሥተን ከ4,400 ሜትር በላይ ወደሆነው ቧሂት በወጣንበት ጠዋት ዳቦ ቆሎው አልቆ ነበር። በብርድ ጊዜ በርበሬ ያለበት ነገር ቀድሞ እንደሚያልቅ ከዚህ ተረድቻለሁ። ሽምብራው ደግሞ በብርዱ ጠንክሮ ለጥርስ አስቸጋሪ ስለሆነ መጨረሻ ድረስ ተረፈ፤ ደባርቅ ስንገባ የቀረውን ለበቅሎ ነጂዎቹ አካፈልናቸው። ለራስ ዳሽን ጉዞ የሽምብራውን መጠን በግማሽ ቀንሼ ቦታውን ለሱፍና ለዳቦ ቆሎ ልሰጠው፣ የቀረውንም ሽምብራ ከመቆላቱ በፊት ከአንድ ሌሊት ይልቅ ሙሉ ቀን ልዘፈዝፈው አስቤያለሁ።