የአብዮቱን ታሪክ በሆለታ መንገድ

ከአስኮ ወደ ሆለታ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ስለ 1966ቱ አብዮትና ስለተከተለው የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርከውን ወፍራም መጽሐፍ ገለጥኩ። መንገዱን የመረጥኩት በምክንያት ነው፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የመኮንንነት ማዕረግ ያገኙት በሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ነበርና። የሐረር አካዳሚ ዕጩዎች ሦስት ዓመት ሲማሩ፣ ሆለታ ከተራ ወታደርነት የመጡትን በአጭር ኮርስ ያሠለጥን ስለነበር፣ በሁለቱ ምሩቃን መካከል የነበረው ቅሬታ በደርግ ዘመንም አልበረደም።

ቡራዩን አልፈን ገፈርሳ ስንቃረብ ስለ ነገሌ ቦረና ጦር ሰፈር የሚያወራው አንቀጽ ላይ ደረስኩ። በጥር 1966 የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው፤ ወታደሮቹም አምፀው፣ ጉዳዩን ሊያጣሩ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ከጎኔ የተቀመጡት ጋቢ የደረቡ አዛውንት ገጹን ሰረቅ አድርገው ካዩ በኋላ፣ «የነገሌው ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ምግቡንስ ለምደነው ነበር። ለመኮንን ጉድጓድ፣ ለወታደር ጭቃ ሲሆን ግን ማን ይችላል?»

በዚያን ጊዜ ሐረር እንደነበሩና ወሬውን ከጦሩ የሬዲዮ ሠራተኞች እንደሰሙ ነግረውኝ መናገሻ ላይ ወረዱ።

የአብዮቱን ታሪክ ከተማሪዎች መፈክር የሚጀምሩ ጸሐፊዎች አሉ። «መሬት ለአራሹ» ባይኖር የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ እንደማይታወጅ አልክድም፤ ዙፋኑን የገለበጠው ግን በአለቆቹ የተማረረ ጦር ነው። ይኸው ጦር በኋላ በሰሜን ግንባር ሲዋጋ የገጠመው በደልም ከቀድሞው የባሰ ነበር። በኤርትራ የሚዋጋው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት 1980 በገዛ መንግሥታቸው ተረሸኑ፤ በማግሥቱ ወር የዕዙ ማዕከል አፍአበት በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፣ ዕዙም ተደመሰሰ። ጠላት እንኳ ይህን ያህል አያግዝም።

ሆለታ ብዙ አልቆየሁም። ወደ አስኮ ስመለስ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩ፦ መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 አገር ጥለው ወጡ፤ ከሳምንት በኋላ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ደራሲው ለዚያች ሳምንት ያን ሁሉ ገጽ ሰጥቶ የነገሌውን ጉድጓድ በአንድ አንቀጽ ማለፉ ግን አልተዋጠልኝም።