ፖርቹጋልኛ የተማርኩባቸውን ምንጮች እንዴት እንደመረጥኩ

ፖርቹጋልኛ መማር ስጀምር ያስቸገረኝ የመማሪያ እጥረት ሳይሆን፣ ከብዙዎቹ መካከል ለዓላማዬ የሚሆነውን መለየት ነበር። ቋንቋው በፖርቹጋል፣ በብራዚል፣ በአንጎላ፣ በሞዛምቢክ፣ በኬፕ ቨርዴ፣ በጊኒ ቢሳው፣ በሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ እንዲሁም በምሥራቅ ቲሞር የመንግሥት የሥራ ቋንቋ በመሆኑ፣ «የፖርቹጋልኛ ትምህርት» የሚል ርዕስ የያዘ ሁሉ አንድ ዓይነት አነጋገር ያስተምራል ማለት አይደለም። ከተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ የሚኖሩት በብራዚል ስለሆነ፣ በነፃ የሚገኘው መተግበሪያ፣ ቪዲዮና ፖድካስትም በአብዛኛው የብራዚሉን ነው የሚያስተምረው። የእኔ ፍላጎት ደግሞ የፖርቹጋልን ሬዲዮ ያለ ችግር ማዳመጥና የሀገሪቱን የቋንቋ ብቃት ፈተና መውሰድ ነበር። ስለዚህ የትኛውንም መማሪያ ከመጀመሬ በፊት «ይህ የየትኛው ሀገር ፖርቹጋልኛ ነው?» ብዬ መጠየቅን ልማድ አደረግሁ። ለጥያቄው ግልጽ መልስ የማይሰጥ መማሪያ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ወደ ጎን ተውኩት።

በጽሑፍ ሲታዩ ሁለቱ አነጋገሮች እጅግ ይቀራረባሉ፤ በጆሮ ሲሰሙ ግን ልዩነታቸው ጀማሪን ያደናግራል። ብራዚላውያን አናባቢዎቻቸውን ከሞላ ጎደል ግልጽ አድርገው ሲናገሩ፣ ፖርቹጋላውያን አጽንዖት የማያርፍባቸውን ያሳጥራሉ፤ አንዳንዴም ጨርሰው ይውጧቸዋል። ስልክ ለማለት ብራዚላዊው «ቴሌፎኒ» ሲል ፖርቹጋላዊው «ትልፎን» ይላል፤ ከተማ ደግሞ በብራዚል አብዛኛው ክፍል «ሲዳጂ»፣ በፖርቹጋል «ሲዳድ» ነው። የቃላትና የሰዋስው ልዩነትም አለ። አውቶቡስ በብራዚል «ኦኒቡስ»፣ በፖርቹጋል «አውቶካሩ» ይባላል። አንድን ነገር አሁን እየሠራሁ ነው ለማለት ብራዚላዊው «ኢስቶ ፋዜንዱ» ሲል፣ ፖርቹጋላዊው መስተዋድድና ንዑስ አንቀጽ አገናኝቶ «ሽቶ አ ፋዜር» ይላል። አንዱን የሚያውቅ ሰው ሌላውን ከጊዜ በኋላ ይለምደዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱን ማደባለቅ ግን ጆሮን ያዘገያል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ሊጠቀምበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፖርቹጋላውያን አሳጥረው የሚያወጡት አናባቢ ለብዙ የውጭ ተማሪዎች ባዕድ ሲሆን፣ ለእኛ ግን ከሳድስ ፊደሎቻችን ድምፅ ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈው ቃል የሚሰውረውን አነባበብ የእኛ ፊደል ገልጦ ያሳያል። «ኝ» እና «ዠ» የሚሉት ድምፆችም በፖርቹጋልኛ በብዛት ስለሚመጡ፣ የአዳዲስ ቃላትን አነባበብ በማስታወሻዬ የያዝኩት በፊደላችን ነው። በአፍንጫ የሚነገሩትን አናባቢዎች ግን ፊደላችን ስለማይወክላቸው፣ ለእነሱ ከላያቸው የራሴን ምልክት አደርግባቸው ነበር።

መሠረቱን የጣልኩት በሁለት መማሪያዎች ነው። አንደኛው የፖርቹጋል መንግሥት ለስደተኞች ያዘጋጀውና «ፕላታፎርማ ደ ፖርቱጌሽ ኦንላይን» የተሰኘው ነፃ ኮርስ ነው። ኮርሱ በአውሮፓ የቋንቋ ብቃት መለኪያ መሠረት በኤ (ጀማሪ) እና በቢ (መካከለኛ) ደረጃዎች የተከፈለ ሲሆን፣ የዕለት ተዕለት ጉዳዮችን በቅደም ተከተል ይዟል፤ ውበት ይጎድለዋል፤ የሚያስተምረው ግን ሰው በእርግጥ የሚናገረውን ነው። ሁለተኛው «ፕራክቲስ ፖርቹጊዝ» ሲሆን፣ የፖርቹጋሉን አነጋገር ብቻ የሚያስተምር፣ በከፊል ነፃ፣ በከፊል ደግሞ በክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ከእሱ የጠቀሙኝ በፖርቹጋላውያን ድምፅ የተቀዱና ሙሉ ጽሑፋቸው አብሮ የሚቀርብ አጫጭር ንግግሮች ናቸው። በእኔ ግምገማ ድምፅና ጽሑፍ አንድ ላይ መገኘታቸው ጥሩ መማሪያን ከመካከለኛው የሚለየው ዋነኛው መስፈርት ነው፤ ይልቁንም ተናጋሪዎቹ አናባቢ በሚውጡበት አነጋገር ላይ።

የአሠራሬን አካሄድ በዝርዝር ልግለጽ። አንዱን አጭር ንግግር በመጀመሪያ ጽሑፉን ሳላይ አዳምጣለሁ፤ የያዝኩትንም ቃል ሁሉ እጽፋለሁ። ከዚያ የንግግሩን ጽሑፍ በወረቀት አትሜ እንደገና እያዳመጥኩ፣ ተናጋሪው የዋጣቸውን ወይም ያሳጠራቸውን አናባቢዎች አንድ በአንድ በእርሳስ እሰርዛለሁ። ስልክ የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ በጽሑፉ ካሉት አራት አናባቢዎች ሦስቱ ይሰረዙና «ኦ» ብቻ ሙሉ ድምፁን ይዞ ይቀራል። በመጨረሻም የተሰራረዘውን ወረቀት እያየሁ ከተናጋሪው እኩል ጮክ ብዬ አነብና ድምፄን ቀድቼ አነጻጽራለሁ። ሥራው አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀደም ሲል እንደ አንድ ረጅም ሹክሹክታ ይሰማኝ የነበረው ንግግር ወደ ቃላት መከፋፈል የጀመረው በዚህ ልምምድ ነው። አንድን የአምስት ደቂቃ ቅጂ እንዲህ መመርመር፣ ብዙ ሰዓት እንዲያው በዘፈቀደ ከማዳመጥ እጅግ እንደሚበልጥ አይቻለሁ።

የታወቁት መተግበሪያዎች በቦታቸው ጠቃሚ ናቸው። ዱኦሊንጎ የሚያስተምረው የብራዚሉን ስለሆነ ለእኔ ዓላማ አልሆነም። ለቃላት ጥናት የተጠቀምኩት በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ ላይ በነፃ የሚሠራውንና የጥናት ካርዶችን በየጊዜው እየመለሰ የሚያሳየውን አንኪን ሲሆን፣ ካርዶቹን ራሴ አዘጋጀኋቸው፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የሰፈረው ነጠላ ቃል ሳይሆን ከሰማሁት ንግግር የተወሰደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር። የአንድ ቃል አነባበብ ሲያጠራጥረኝ ተናጋሪዎች የቃላትን አነባበብ ቀድተው የሚያስቀምጡበትን ፎርቮ የተባለ ድረ ገጽ እከፍታለሁ፤ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጎን የተናጋሪው ሀገር ስለሚጻፍ ብራዚላዊውንና ፖርቹጋላዊውን አከታትሎ መስማት ይቻላል። ጉግል ትርጉም እ.ኤ.አ. በ2024 የፖርቹጋሉን እንደ ራሱን የቻለ ምርጫ አክሏል፤ ከዚህ የተነሣ ምርጫውን አስተካክሎ መክፈት ያስፈልጋል። ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ጋር ስለማመድም «በፖርቹጋል አጻጻፍና አነጋገር ይሁን» ብዬ በግልጽ ካላሳሰብኩ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ በብራዚልኛ ይመጣልኝ ነበር።

መዝገበ ቃላትን በተመለከተ ከሁሉ በላይ የምወደው ፕሪበራምን ነው። በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ የፖርቹጋልን ወይም የብራዚልን፣ ከአጻጻፍ ስምምነቱ በፊት ያለውን ወይም ከዚያ በኋላ የመጣውን ቅርጽ ለይቶ ማየት ያስችላል። የፖርቹጋልኛ ተናጋሪ ሀገሮችን አጻጻፍ ለማቀራረብ የታሰበው ይህ ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1990 ሊዝበን ላይ ሲሆን፣ ፖርቹጋልና ብራዚል ተግባራዊ ማድረግ የጀመሩት በ2009 ነው። በፖርቹጋል አጻጻፍ ላይ በጉልህ የታየው ለውጥ የማይነበቡ አንዳንድ ተነባቢዎች ከቃላት ውስጥ መውጣታቸው ነው። በዚህም ምክንያት ከዚያ በፊት የታተመ ጥሩ የሰዋስው መጽሐፍ ሲገኝ መጣል አያስፈልግም፤ የሰዋስው ትምህርቱ እንዳለ ይሠራል፣ አጻጻፉን ብቻ በመዝገበ ቃላት ማመሳከር ይበቃል። ከመካከለኛው ደረጃ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመውን «ሲበርዱቪዳሽ» የተባለ ድረ ገጽ አገኘሁ። የቋንቋ ባለሙያዎች ለአጻጻፍና ለሰዋስው ጥያቄዎች በፖርቹጋልኛ መልስ ይሰጡበታል። እኔን የገጠመኝ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ ሌላ ሰው የጠየቀው ሆኖ ስለማገኘው፣ መልሱን ማንበቡ ራሱ ትምህርት ነበር።

ለማዳመጥ ብዙ ምንጭ አላሳደድኩም። የፖርቹጋል የሕዝብ ብሮድካስት የሆነው አርቲፒ በራሱ መድረክ ላይ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ፕሮግራሞችን በነፃ ያቀርባል፤ እኔም በየጠዋቱ አንቴና 1 የተባለውን የሬዲዮ ጣቢያውን ዜና አዳምጥ ነበር። ዜና ለጀማሪ ከባድ ነው ቢባልም፣ አንባቢዎቹ ቃላትን ለይተው ስለሚናገሩና የዓለም ዜና ይዘቱ ቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ከተከታታይ ድራማ ይልቅ ቀለለኝ። በአንጻሩ ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚመከሩት የሕፃናት ፕሮግራሞች ለእኔ አልሆኑም፤ ገጸ ባሕርያቱ በፍጥነትና ድምፃቸውን እየለወጡ ስለሚናገሩ ለውጭ ተማሪ የሚታሰበውን ያህል ቀላል አይደሉም።

በመስመር ላይ የሚያስተምር መምህር ስፈልግ ፖርቹጋላዊ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ በዝግታ ለመናገር ሲል አናባቢዎቹን ከተፈጥሯቸው ውጭ የማይከፍት መሆኑንም አይ ነበር።

ደረጃዬን ለመለካት የተማመንኩት በመተግበሪያዎች ነጥብ ሳይሆን በፈተና ናሙናዎች ነው። በሊዝበን ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ካፕለ የተባለው ማዕከል ከኤ2 እስከ ሲ2 የሚደርሱ አምስት ፈተናዎችን ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ሲፕለ ይባላል፤ ለፖርቹጋል ዜግነት በሚቀርብ ማመልከቻ ላይም የቋንቋ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። የናሙና ፈተናዎቹ ከነድምፃቸው በነፃ ስለሚገኙ፣ ፈተና የመውሰድ ሐሳብ የሌለው ተማሪ እንኳ ቢሠራቸው ምን እንደጎደለው በግልጽ ያያል። እኔ ንባቤ ከማዳመጥ ችሎታዬ ርቆ መሄዱን ያየሁት በእነሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጥናት ሰዓቴን አብዛኛውን ወደ ድምፅ አዞርኩት።

ምርጫው ብራዚል ለሆነ ሰው መንገዱ ሰፊ ነው። በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው የብራዚል ፖርቹጋልኛ ፖድካስቶች በነፃ የሚገኙና ጥራት ያላቸው ናቸው። ሴልፒ ብራስ የተባለው የብራዚል መንግሥት ፈተናም ለየደረጃው የተለያየ ወረቀት የለውም፤ ሁሉም ተፈታኝ አንድ ፈተና ይወስድና እንደ ውጤቱ ከአራቱ ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ተሰብስበው ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ ለልምምድ ይጠቅማሉ።

አሁን ጆሮዬን እያሰፋሁ ያለሁት ወደ አፍሪካ ፖርቹጋልኛ ነው። የአንጎላና የሞዛምቢክ ጽሑፍ በአብዛኛው የፖርቹጋልን ሥርዓት የሚከተል ሲሆን፣ የንግግሩ ቅላጼ ግን የራሱ ነው። ለዚህም አርቲፒ አፍሪካንና የጀርመኑን ብሮድካስት የዶይቸ ቬለን የፖርቹጋልኛ ለአፍሪካ ክፍል እከታተላለሁ። ዶይቸ ቬለ ዜናውን በጽሑፍም በድምፅም ስለሚያቀርብ፣ በመጀመሪያ አዳምጬ የያዝኩትን ጉዳይ ኋላ በጽሑፉ አረጋግጣለሁ፤ ከማፑቶና ከሉዋንዳ የሚመጡትን የዘጋቢዎች ድምፅም እየለየሁ መስማት ጀምሬአለሁ።